ኤንትሬዋን ምን እናድርጋት?

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ፍቅርም አንጽፍም። ስለ መኪና ነው። መኪና ስንል ደግሞ ሙዚቃ ከፍተው ቦሌን የሚዞሩባት ዓይነት አይደለችም። ኮምቦልቻ፣ እናታችን ግቢ ውስጥ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ቆማ የቀረች፣ ከሥሯ ዶሮ የሚያድርባት፣ ፊያት 682 ኤንትሬ የጭነት መኪና ናት። እማዬ ለገና ስንሄድ "እስከ ፋሲካ ወይ አስጠግኗት ወይ አንሱልኝ" አለችን። ቀልድ መስሎን ሳቅን። አልሳቀችም።

እኛ ማለት ሦስት ነን። ታላቅ ወንድማችን ባንክ ቤት ይሠራል፣ ታናሻችን የፋርማሲ ተማሪ ናት፣ መሃለኛዋና ይህን የምትጽፍላችሁ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተመርቃለች። ከሦስታችን አንድም የመኪና ዘይት ቀይሮ የሚያውቅ የለም። ወንድማችን መንጃ ፈቃድ አለው፤ እሱም ቢሆን መኪና ሲያቆም ሰው እንዲያይለት ይፈልጋል።

ኤንትሬን ለማታውቁ (ዕድሜያችሁ ከሠላሳ በታች ከሆነና አዲስ አበባ ካደጋችሁ አይፈረድባችሁም) ትንሽ እናስተዋውቃችሁ። ፊያት 682ን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ እስከ 1988 ድረስም ሠርቷታል። ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ናት። ፊቷ ላይ ግራና ቀኝ የተዘረጋ የሚያብረቀርቅ ብረት አለ፤ ጣሊያኖቹ "ባፎ" ይሉታል፣ ጢም ማለት ነው። አባዬ በየሳምንቱ በጨርቅ ያሸው ነበር። የራሱን ጢም እንኳ እንደዚያ አይንከባከብም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን መሪዋ ነው። የዚያን ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች፣ አገሩ በቀኝ እየነዳ፣ መሪያቸው በቀኝ ነበር። ምክንያቱ የተራራ መንገድ ነው፤ ሾፌሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ። ኢትዮጵያ ደግሞ እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. በግራ ትነዳ ነበር፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች። አባዬ መሪ ሲጨብጥ እንግዲህ መንገዱም በቀኝ፣ መሪውም በቀኝ። ገደሉን እንደ እጅህ መዳፍ ታየዋለህ፤ ከፊትህ ያለውን መኪና ለመቅደም ግን ምንም አይታይህም። የሚያይልህ በግራ መስኮት የተቀመጠው ረዳት ነው። "ና! ና! ነፃ ነው!" ካለህ ትወጣለህ፤ "ቁም! መጣ!" ካለህ ትመለሳለህ። አባዬም ሾፌር ከመሆኑ በፊት ለዓመታት የሌላ ሰው ዓይን ነበር። "ረዳት ከዋሸ ሁለታችሁም ትሞታላችሁ፤ ለዚህ ነው የማይዋሸው" ይለን ነበር። (የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በአራት ዓመት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ነገር አላስተማረንም።)

መንገዱ የአሰብ መንገድ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ኤሊ ዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ። እኛ መቁጠር ከመቻላችን በፊት ይህንን በቃላችን እናውቅ ነበር። አሰብን ግን አንዳችንም አይተናት አናውቅም። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አባዬ በራሱ ገንዘብ ኤንትሬዋን ከገዛ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ እህልና አሸዋ እያመላለሰ ትንሽ ቆየ። አይሱዙ መጣ፤ ፈጣን፣ ናፍጣ የማይበላ፣ ዕቃው በየሱቁ የሚገኝ። በ1999 ዓ.ም. አንድ ቀን ማታ ግቢ አስገብቶ አቆማት። "ለጊዜው" አለ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡሬው ድንበር ሲከፈት አባዬ ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በቴሌቪዥን ዜናውን አይቶ ጨረሰ፣ ጫማውን አደረገ፣ ወጥቶ የኤንትሬዋን ባትሪዎች አወለቀና ቻርጅ ሊያስደርግ በጋሪ ጭኖ ሄደ። የተበላሹ መሆናቸውን ባትሪ ቤቱ ነግሮታል። ይዟቸው ተመለሰ እንጂ ለማንም አልነገረም፤ እማዬ የሰማችው ከባለጋሪው ነው። ድንበሩ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። አባዬም በ2013 ዓ.ም. አረፈ።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ በሰፈሩ የሚነሳ መኪና ሁሉ ሰው ጭኖ ወጣ። የኛዋ ቆማ ቀረች። እማዬ በጎረቤት አይሱዙ ላይ ሰው ላይ ሰው ተደራርቦ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄድ ወደኋላ እያየቻት ነበር። "ያን ቀን ረገምኳት" ትላለች። ከተማው ተረጋግቶ ስትመለስ የቤቱ በር ተገንጥሎ፣ ቴሌቪዥኑና ፍራሹ ሄዶ ነበር። ጋቢና ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር በማዳበሪያ የጠቀለለችው የሠርግ አልበምና ሊብሬው ግን እንዳለ ነበር። ታዲያ ስለ መኪናዋ ስትናገር አንድ ጊዜ እርግማን፣ አንድ ጊዜ ምርቃት ቢሆንባት አይገርምም።

አሁን ግን የምትፈልገው ቦታውን ነው። ኤንትሬዋ በቆመችበት ላይ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች መሥራት ትፈልጋለች። የአባዬ ጡረታ የለም፤ ባለ መኪና እንጂ ተቀጣሪ አልነበረም። ስለዚህ ጉዳዩ ትዝታ በአንድ ወገን፣ የእማዬ የወር ገቢ በሌላ ወገን ነው። "አባታችሁን ከወደዳችሁት ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ" አለችን። እዚህ ላይ ምን ይመለሳል?

መጀመሪያ የመጣው ብረት የሚገዛው ሰው ነው። ዞር ዞር ብሎ አያት፣ በእግሩ ጎማዋን መታ፣ በኪሎ ዋጋ ነገረን። ሊብሬው በአባዬ ስም እንደሆነና የወራሽነት ማስረጃ ገና እንዳላወጣን ስንነግረው "ለብረት ምን ሊብሬ ያስፈልጋል?" አለ። ይህ መልስ ወንድማችንን እንኳ (መሸጥ የሚለው እሱ ነበር) አስደነገጠው። "ተቀልጣ ፌሮ ትሆናለች፣ ያው ለእማዬ ክፍሎች ትመለሳለች" ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ማንም አልሳቀም።

ጋዜጠኛ ደግሞ በአንድ ምንጭ አይጽፍምና አዲስ አበባ ስንመለስ ሶማሌ ተራ ሄድን። ሦስት ሱቅ ላይ "የኤንትሬ ዕቃ" ስንል ሦስቱም ሳቁ። አራተኛው፣ ሸምገል ያሉ ነጋዴ፣ አልሳቁም። አዲስ ዕቃ መፈለግ ከንቱ እንደሆነ፣ ያለውም ቢሆን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እጥፍ እንደሆነ ነገሩን። "የኤንትሬ ዕቃ የሚገኘው ከኤንትሬ ነው" አሉ። አንዷ ስትታረድ ሌሎቹ ይነሳሉ ማለት ነው። ከዚያም ስልካቸውን ሰጡን፤ ሞተሯ የሚዞር ከሆነ በክፍል በክፍል ይገዙናል፣ ዋጋውም ከብረት ገዢው የተሻለ ነው። ከሱቁ ስንወጣ ሁለት የነበረው ምርጫችን ሦስት ሆኗል።

የቀረው መካኒክ ነው። ጋሼ እንበላቸው። አሰብ ጋራዥ ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሠርተው በ1983 ዓ.ም. የወጡ፣ አሁን ኮምቦልቻ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከመዶሻና ከባትሪ በቀር ምንም ሳይዙ መጡ። እኛ ሞተሩን ይከፍታሉ ብለን ስንጠብቅ እሳቸው መሬት ላይ ተኙ። ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዶሻ እየመቱ ያዳምጣሉ። ጤነኛው ብረት ይደውላል፤ የተበላው ድምፁ ይሞታል። ወደ ኋላ አካባቢ ሁለት ቦታ ሞተ። በኖራ ምልክት አደረጉበት። "ሞተር ይሠራል፣ ጋቢና ይቀጠቀጣል፤ ሻንሲ ካለቀ ግን የምትጠግኑት ነገር የለም። ጀማሪ ሁሉ ቀለም ያያል" አሉ። (ስለ ቀለም ስንጨቃጨቅ ሰምተውናል ማለት ነው። ሰማያዊ ወይስ ብርቱካናማ?)

ከዚያ የዘይት መለኪያውን መዘዙ። ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል፣ ነገሩ አበቃ። ጥቁር ሆኖ ወጣ። በጣታቸው አሽተው አሸተቱት፣ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፣ አየሩን አምቆ በራሱ ሙቀት ነው የሚያነድደው፤ ስለዚህ ውሃ ካልገባበት ብዙ ዓመት ተኝቶም የመነሳት ተስፋ አለው። ግን ዝም ብሎ ማስነሳት መግደል ነው አሉን። አሮጌው ናፍጣ ከታንከሩ ይውጣ፣ ዘይቱ ይቀየር፣ ከሁሉ በፊት ሞተሩ በእጅ ይዙር። ጎማ የሆነ ነገር በሙሉ፣ ከእግሯ እስከ አየር ፍሬኗ ቱቦ፣ ደርቋልና አንድም አይቀርም። ፍሬኗም ከከበሮው ጋር ተጣብቆ ስለሚሆን መጎተት እንኳ አትችልም። ይህኛው ያላሰብነው ነበር፤ ለመሸጥም ለመጠገንም መጀመሪያ እሷን ከቦታዋ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ወጪውን በአንድ ካርቶን ጀርባ ላይ ጽፈው ሰጡን። ብረት ገዢው ካለው ዋጋ አራት እጥፍ ነው። ሻይ ጠጥተው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው "ለመሆኑ ምን ልትጭኑባት ነው?" ብለው ጠየቁን።

ዝም አልን። እውነቱን ለመናገር አዕምሯችን ውስጥ የነበረው ፎቶ ነው። ታጥባ፣ ተቀብታ፣ ጢሟ እያብረቀረቀ፣ እኛ ፊት ለፊቷ ቆመን። ጋሼ አዩንና "ባዶ የሚቆም ከሆነ ግድ የለም፣ እንዲሁም ቆማለች" ብለው ሄዱ።

ያን ሌሊት ተጣላን። ወንድማችን በስልኩ ሲደምር ሲቀንስ አመሸ፤ በምንም መንገድ አያዋጣም። ሕንፃ ተቋራጭ አይሱዙ እንጂ የሃምሳ ዓመት ኤንትሬ አይከራይም። ታናሻችን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ናፍጣ የምትጠጣ አያት ማሳደግ የኛ ብቻ ሞኝነት መሆኑን አስታወሰችን። ከዚያ ግን "አባዬ ባትሪውን በጋሪ ሲወስድ ማናችን ነበርን?" አለች። ማናችንም አልነበርንም። ሁላችንም አዲስ አበባ ነበርን፣ የድንበሩን መከፈት በፌስቡክ እያደነቅን።

ጠዋት ላይ የወሰንነው እንዲህ ነው። ቀለም የለም። ጢሙም አይነካም። የወራሽነቱን ማስረጃ እናወጣለን፤ ይህ ለየትኛውም መንገድ ያስፈልጋል። ሦስታችን በየወሩ ከኪሳችን የምናዋጣው ገንዘብ ተቆረጠ፤ ከእማዬ ገንዘብ አምስት ሳንቲም አይነካም። መጀመሪያ ሞተሩ በእጅ ይዙር። ካልዞረ ለሶማሌ ተራው ሽማግሌ እንደውላለን፣ ለብረት ግን አንሰጣትም። ከዞረ ፍሬኗ ይላቀቅና ስድስት ሜትር ተንቀሳቅሳ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች፤ ለእማዬ ክፍሎች ቦታ ይለቀቃል። ደግሞም ከተነሳች የሚጫንባት አግኝተናል፤ የክፍሎቹን አሸዋ። ወንድማችን አሸዋውን በአይሱዙ ማስመጣት እንደሚረክስ አስልቶ አሳየን፣ አሳይቶም ፈረመ። እማዬ የጨመረችው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። "መኪናዋ ተነሳችም አልተነሳችም መስከረም ላይ መሠረት ይቆፈራል።"

ለፋሲካ ጋሼ ስድስቱን ኢንጀክተሮች አወለቁ፣ በየቀዳዳው ዘይትና ናፍጣ ቀላቅለው አፈሰሱበትና "አትንኳት፣ ትጠጣ" አሉን። ዘጠኝ ቀን ጠጣች። (ከበዓሉ እንግዶች ሁሉ አብልጣ።) ፈቃዳችንን አስረዝመን ቆየን። በዘጠነኛው ቀን ትልቁ ቁልፍ ላይ ሁለት ሜትር ቧንቧ ሰክተው ወንድማችንንና ይህን የምትጽፈውን አንጠለጠሉን። ምንም። ታናሻችን ጋቢና ገብታ በግራ መስኮት አንገቷን አውጥታ "ና! ና! ነፃ ነው!" ትላለች። ሳቅ አቅም ያሳጣል፤ ጋሼ ተቆጡ። እንደገና ተንጠለጠልን። ከውስጥ አሮጌ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣና ቧንቧው ከእጃችን ጋር ወረደ። ሩብ ዙር። ከዚያ ግማሽ።

ጩኸታችን ሰፈሩን አናወጠው። እማዬ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

"ተነሳች?"

"አልተነሳችም እማዬ፣ ዞረች!"

"ታዲያ ምን ያስጮኻችኋል? ኑ፣ ቡናው ቀዘቀዘ። ጋሼንም ጥሯቸው።"