ሻርፕሽ ከምን ተሠራ?



ውድ የጀመዓችን እህቶችና ወንድሞች፣ እኛ የሜካኒካል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ሴት ተማሪዎች ነን። ብዙ አይደለንም፤ ሁለት ባጃጅ ይበቃናል። በዚህ ሴሚስተር የወርክሾፕ ልምምድ ስንጀምር ብየዳ ክፍሉ በር ላይ የተነገረን አጭር ነበር፦ «ሻርፕ አውልቃችሁ ግቡ፤ ካልሆነ እዚህ ቆማችሁ ተመልከቱ»። ቆሞ ለተመለከተ ደግሞ የብየዳ ነጥብ የለም።

ወሬው ማታውኑ ዶርም ደረሰ። ግማሹ «አቤቱታ እንጻፍ» አለ፣ ግማሹ «ዲፓርትመንት ቀይሩ» አለ። እኛ ግን አሠልጣኙን ለብቻቸው ሄደን ጠየቅናቸው። ሃይማኖት የሚጠሉ ሰው አይደሉም። ከዓመታት በፊት የአንዲት ተማሪ ሻርፕ ጫፍ በግራይንደር ብልጭታ ሲያያዝ አይተው በገዛ እጃቸው ነው ያጠፉት። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። ያልተዋጠልን መፍትሔው ነው።

እሳት ሂጃብን ከሸሚዝ አይለይም፤ የሚለየው ጨርቅን ከጨርቅ ነው። ከብየዳ የሚፈናጠረው የቀለጠ ብረት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ፖሊስተር 250 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ቀልጦም አይወድቅም፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ሲነሳም ቆዳ ይዞ ነው። ጥጥ አይቀልጥም። ይጠቁራል፣ ይበሳል፣ ስስ ከሆነ ወይም ዘይት ከነካው ደግሞ ይነዳል። ስለዚህ ጥጥ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ወፍራም፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነና ንጹሕ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ገበያ እንምጣ። ሺፎን እያልን የምንገዛው አብዛኛው ፖሊስተር ነው። ሻጩ «ወላሂ ጥጥ ነው» ቢላችሁም ክሩን ጠይቁት። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ክብሪት አስጠጉት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲታሸ ይደቃል። ፖሊስተር ይኮማተርና ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ይህን ፈተና በ14 ሻርፖቻችን ላይ ብንሠራ ያለፉት ሦስት ናቸው። ከወደቁት መካከል ለዒድ የተገዛውም አለበት፤ እሱ ለዒድ ይቆይ።

በሚቀጥለው ሳምንት አሠልጣኙ ፊት ያቀረብነው ይህን ነበር፦ ወፍራም የጥጥ ሻርፕ፣ ራስ ላይ ጠበቅ ብሎ የታሰረ፣ ጫፉ በሙሉ ከሥራ ቱታው ኮሌታ ሥር የገባ፣ የቱታው ቁልፍ እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ከላይ የብየዳ ማስክ። የሚንጠለጠል ነገር የለም፤ ስፒልም የለም። ሌዝ ማሽን ላይማ የተንጠለጠለ ጫፍ ከእሳት ይብሳል፤ የሚሽከረከር ብረት ጨርቅ ከያዘ አንገት ድረስ ይጎትታል። እሳቸው በእጃቸው ሳይሆን በእርሳስ ጫፍ እየጠቆሙ አንድ በአንድ አዩ። በመጨረሻ «አንገታችሁ ከወንዶቹ ይሻላል» አሉ። እውነት ነው። ኮሌታውን ከፍቶ የሚበይድ ሰው ደረቱ ላይ በብየዳው ጨረር እንደ ፀሐይ ይለበለባል፤ የእኛ ተሸፍኗል። አልሐምዱሊላህ፣ ገባን።

«በር ላይ ቁሙ» የሚለው ግን ለማንም መከለያ አለመሆኑ ይታወቅ። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ ከብየዳና ከመቁረጥ ሥራ ዙሪያ 11 ሜትር ያህል ተቀጣጣይ ነገር እንዳይኖር ይጠይቃል፤ የእኛ ክፍል በር ከጠረጴዛው አምስት እርምጃ ነው። ዓይንም አለ። ከመካከላችን አንዷ ኤሌክትሮድ ሳትነካ፣ ያለ ማስክ ቆማ ስትመለከት ውላ፣ ሌሊት ዓይኗ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል እያቃጠላት ነቃች። መብራት ማየት አልቻለችም፤ ፈጅርንም ዓይኗን ጨፍና ሰገደች። ጨረሩ የሚያቃጥለው ወዲያው ነው፣ የሚያመው ግን ከሰዓታት በኋላ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ምክንያቱን ከሻይ ቤት አቧራ ጋር የሚያያይዘው። የፀሐይ መነጽርም ለዚህ አይሆንም፤ ለኤሌክትሪክ ብየዳ የሚፈለገው መስተዋት ብዙ ጊዜ ቁጥር 10 ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ወንድሞች፣ የስፖርት ቱታና ስኒከር አድርጋችሁ ስትገቡ ማንም በር ላይ አላስቆማችሁም። ያ ቱታ ፖሊስተር ነው። ሱሪያችሁን ከቁርጭምጭሚት በላይ ያጠፋችሁም እጥፋቱ የፍንጣሪ ኪስ ሆኖላችኋል፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ አስቆርጡት፣ ከሥሩም ረዥም የቆዳ ጫማ አድርጉ። ጺም ያላችሁ ደግሞ አፍና አፍንጫ ላይ የሚጣበቀው የጭስ ማስክ ቆዳ ካልነካ እንደማይዘጋ እወቁ። ጺማችሁን ተላጩ አላልንም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። መስኮት ክፈቱ፣ ጭስ መሳቢያው ይብራ፣ ጭንቅላታችሁን ከጭሱ ዓምድ ውስጥ አውጡ። በዚንክ የተለበጠ ቱቦ ስትበይዱማ ይባስ ተጠንቀቁ፤ ጭሱ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል። ወተት ጠጡ ይባላል። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው።

ያልተፈታም አለ። ኒቃብ የምትለብስ አንዲት እህታችን ጉዳይ ገና በንግግር ላይ ነው። ከማስኩ ሥር የሚውለው የፊት ጨርቅ እይታዋን እንዳይጋርድ በሁለት ዓይነት ስፌት እየሞከርን ነው፤ አሠልጣኙ ማሽን በጠፋበት ሰዓት ሊያዩት ቀጠሮ ሰጥተዋል። ውጤቱን በሚቀጥለው እትም እንጽፋለን፣ ኢንሻአላህ።

እስከዚያው ስድስት የጥጥ ሻርፖች አሰፍተን በእህቶች ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀምጠናል። የምህንድስናም ሆናችሁ የሌላ፣ ወርክሾፕ ያላችሁ ወስዳችሁ ልበሱ። ስትመልሱ ታጥቦ ይሁን፤ የተበሳውን ለብቻው አስቀምጡልን።