የቫልፓራይዞ ተማሪ ቤት
በአሜሪካ አገር በኢንዲያና ግዛት፣ ከሺካጎ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቫልፓራይዞ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ያለውን ከፍተኛ ተማሪ ቤት በ1859 በፈረንጆች አቈጣጠር ሜቶዲስቶች መሠረቱት፤ በ1925 ሉተራውያን ገዙት። በላቲን የተጻፈው መሪ ቃሉ በአምላክ ብርሃን ብርሃንን ስለ ማየት የሚናገር ሲሆን፣ የተወሰደውም ከዳዊት ነው፤ በእነርሱ ቍጥር ከ36ኛው፣ ዳዊት ለደገምን ለእኛ ግን ከ35ኛው መዝሙር።

በ2023 አስተዳዳሪዎቹ የተማሪዎችን ማደሪያ ለማደስ ሲሉ፣ ጆርጂያ ኦኪፍ የተባለችው ሠዓሊ የሣለችውንና ሌሎች 2 የከበሩ ሥዕሎችን ለመሸጥ አሰቡ፤ ለተልእኳችን ዋና አይደሉም አሉ። ከመምህራኑ ብዙዎች ተቃወሙ። ማየትን የሚያስተምር ቤት ሥዕሉን ከሸጠ ምን ያሳያል ማለት ይቻላልና ነገራቸው ቀላል አይደለም። እኔ ግን በቆሎ ተማሪነቴ በምታፈስ ጎጆ ክረምትን ስላሳለፍሁ፣ ልቤ ወደ ማደሪያው ያደላል፤ ሆኖም ሥዕሎቹ ያሳዝኑኛል።