ሸክም

«ሥራ ማለት ጉልበት፣ በራሱ አቅጣጫ በተሄደ ርቀት ሲባዛ ነው» አሉን የፊዚክስ መምህራችን። ጻፍን። የመሬት ስበት የሚጎትተው ወደ ታች ነው፤ ስለዚህ ሸክም ይዞ በሜዳ መንገድ የሚሄድ ሰው ስበትን ተቋቁሞ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ይኸንንም ጻፍን።

ከመካከላችን አንዱ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እናቱ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እያወረዱ በመሸጥ ነበር ያሳደጉት። «እንግዲያው የእናቴ ልፋት ዜሮ ነው?» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ማታ ዶርም ውስጥ ቁጭ ብለን አሰላነው። 30 ኪሎ እንጨት አዲስ አበባ ላይ መሬት የምትስበው በ293 ኒውተን ገደማ ነው። ጨረቃ ላይ ቢሆን እዚህ 5 ኪሎ የመሸከም ያህል በቀለለ ነበር። ሽቅብ ሲወጡበት ሥራ ይባላል፤ ቁልቁል ሲወርዱበትማ ጭራሽ ከዜሮ በታች ሆኖ አረፈው!

ቀመሩ አልዋሸም። የቆጠረው እንጨቱ ያገኘውን እንጂ ጀርባ የከፈለውን አይደለም። ጡንቻ ሸክም ደግፎ ዝም ብሎ ለመቆም እንኳ ጉርሻውን ያቃጥላል፤ ያ በሌላ መዝገብ ነው የሚጻፈው።

ጥያቄው ፈተና ላይ መጣ። ሁላችንም «ዜሮ» ብለን ጻፍን፤ እሱም ጻፈ። ሙሉ ማርክ ተሰጠን።