በእንጨት ተሰክቶ የመጣው ዓሣ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የአንድ ጓደኛዬ አጎት በጣና ዳር ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንደኛው ምሳ ጋበዙን። እኔ የዱርቤቴ ልጅ ነኝ። ለእኛ ባሕር ዳር ወርዶ ዓሣ መብላት ማለት ከሐይቁ ዳር በአግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ጎኑ ተተልትሎ በዘይት የተጠበሰውን ቆሮሶ በእጅ እየፈለፈሉ መጨረስ ነው። ስለዚህ ነጩን የጠረጴዛ ልብስና የምግቡን ዋጋ ባየሁ ጊዜ እጄን የማሳርፍበት ቦታ ጠፋኝ።

ዓሣው የመጣው አጥንቱ ወጥቶ፣ በትናንሹ ተቆርጦ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ፣ በቀጭን እንጨት ተሰክቶ ነበር። ጋሼ ጃፓን አገር ለትምህርት ኖረዋልና ደስ አላቸው።

«ይህ ኩሺካትሱ ነው፤ ልጆቼ» አሉን። «በኦሳካ የሠራተኛው ርካሽ ምግብ ነበረ። ዛሬ ግን ጠባሹ አንዳንድ እንጨት እያወጣ፣ እንግዳው ይብቃኝ እስኪል የሚያቀርብበት ውድ ቤትም አለው። በርካሹ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ አንዴ የነከሱትን እንጨት ሁሉ ወደሚጋራው ስጎ መልሶ መንከር ክልክል ነው።»

እኔም በልቤ የጣናን ዓሣ አሰብሁ። የነገደ ወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱ ስንት ዘመን ኖረዋል! ሞተር ጀልባ ለዓሣ ሥራ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። አጥማጁን ስንንቅ ኖረን፣ ሳሕኑን ግን አከበርነው። በዚህ አሳቤ ጥቂት ኮራሁ።

ኩራቴ ግን አልቆየም። ሁለተኛውን ሳሕን ጠባሹ ራሱ ይዞ ወጣ። ቀና ብል፣ ዱርቤቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአንድ ዴስክ የተቀመጥን፣ በክረምት ዓሣው ከጣና ወደ ግልገል ዓባይ ሽቅብ ሲወጣ አብረን ያጠመድን ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ ነበር። ጥቂት አየኝና፣

«ምን ልጨምርልዎ?» አለኝ።

እርስዎ! ተነሥቼ ልስመው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «ይበቃል፤ አመሰግናለሁ» አልሁ። ጋሼም «ታውቀዋለህ እንዴ?» ቢሉኝ፣ «መልኩን የማውቀው ይመስለኛል» ብዬ መለስሁ። ከዚያ በኋላ የበላሁት አልጣመኝም።

ምሳው ሲያልቅ በጓሮ በኩል ወደ ወጥ ቤቱ ሄድሁ። ሳቀብኝ።

«እዚያ ውስጥ አንተ ብልህ እንጀራዬ ነው። አንተን ግን ማን ከለከለህ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። እርሱም ነገሩን ትቶ ሥራውን ያሳየኝ ጀመር። ፍርፋሪ በዘይቱ ላይ ጣለ። «ከሥር ከቀረ ገና ነው፤ ወዲያው ከጠቆረ አልፏል፤ አረፋ ከቦት ከተንሳፈፈ ጊዜው ነው» አለኝ። ሁለት እንጨት ጠበሰ፤ ቆመን በላን። የኦሳካን ሕግ ጥሰን ከአንድ ዕቃ ደጋግመን ነከርን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንበተን፣ የድሮ ጓደኛ እርስዎ ቢለን፣ ዝም ብለን አንቀበል። ቶሎ ብለን በስሙ እንጥራው።