ስምንቱን ሸጬ አንዷን ገዛሁ

ጡረታ ከወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ባለቤቴ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ መጋዘን ለሽንኩርት ማስቀመጫ ፈለገቻትና በሩን ከፈተች። ገብታ ጥቂት ቆየች። ስትወጣ የሸረሪት ድሩን ከነጠላዋ ላይ እያራገፈች፣ "ስምንት ብስክሌት አለህ፤ ገበያ የምትሄደው ግን በእግርህ ነው" አለችኝ። 38 ዓመት ሙሉ ስንቱን በሽተኛና አስታማሚ ሳነጋግር መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን አጣሁ።

እውነቷን ነበር። አንዱ የሕንዱ ሂሮ ነው፤ ጎማ የለውም። ሁለቱ የቻይና "በራሪ እርግብ" የሚባሉት ናቸው፤ ከሁለቱ አንድ ሙሉ ብስክሌት አወጣለሁ እያልኩ ዓመታት አልፈዋል። ከጎንደር አሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛሁት የጣሊያኑ ቢያንኪ አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። መሪው የተጣመመ የልጅ ብስክሌትም አለ። እነዚህ አምስቱ አይነዱም። የሚነዱት ሦስቱ ሁለት ማውንቴኖችና ከባሕር ዳር ያመጣኋት ጥቁር ፊኒክስ ነበሩ። ጎረቤቶቼ "ሪዞርቱ ከተከፈተ ወዲህ እንግዳ ይመጣል፤ ጠግነህ አከራያቸው" ይሉኝ ነበር። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት ለጎርጎራ ብዙ ተስፋ ሰጥቷልና ምክሩ ክፉ አልነበረም። እኔ ግን ብስክሌቶቹን የሰበሰብኩት ለገንዘብ አልነበረም። ለምን እንደሰበሰብኳቸው ለራሴም ግልጽ የሆነልኝ ባለቤቴ ያን ከተናገረች በኋላ ነው።

በ1961 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የደንቢያን ሜዳ የሚያውቅ ሰው መስከረምን ያውቃል። ዝናሙ ሲያቆም ውኃው በየጉድባው ይተኛል፤ ትንኙ ይፈላል፤ ከዚያ ወባው ይነሣል። እናቴና ታላቅ እህቴ አንድ መደብ ላይ ተኝተው ይንቀጠቀጡ ነበር። አባቴ ሁለት ቀን ጠበል ሲያመላልስ ቆይቶ በሦስተኛው ሌሊት ሐኪም ሊጠራ ወጣ። ረፋዱ ላይ ድሬሰሩ መጣ። ጭቃውን ሲያገኝ እየገፋት፣ ደረቁን ሲያገኝ እየነዳት የመጣባት ረጅም አረንጓዴ ብስክሌት ነበረች። የመድኃኒት ሳጥኑ ከኋላ በጠፍር ታስሯል። እኛ ልጆች ከበን ስናይ ፊት ለፊቷ ላይ የወፍ ራስ ምልክት አየን። ራሌ እንደምትባል በኋላ ነው የሰማሁት።

እናቴ ዳነች። እህቴ በማግስቱ ዐረፈች። በልጅ አእምሮዬ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺ ብስክሌት አንድ ቀን ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ እህቴ አትሞትም ነበር። ነርስ ከሆንኩ በኋላ ነገሩን በትምህርት አወቅሁት። የወባ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና መጀመር አለበት፤ ከዘገየ ጭንቅላት ላይ ሊወጣ ይችላል። የዘገየው ደግሞ ብስክሌቷ አልነበረችም። አባቴን ግን አንድም ቀን ወቅሼው አላውቅም። አላወቀም ነበር፤ ቢያውቅ በመጀመሪያው ሌሊት ይወጣ ነበር።

የእኛ አገር ከወባ ጋር ያለው ታሪክ የቆየ ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ደንቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ገና ከሰው አልወጣም ነበር። እኔም የነርስ ዲፕሎማዬን ይዤ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር እዚያው ያደግሁበት ሜዳ ላይ ተመደብኩ። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረ ስለነበር በየቀበሌው እየዞርን እንከትባለን። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በረዶው ከመቅለጡ በፊት መድረስና መመለስ ግድ ነው። በእግር አይሞከርም፤ በቅሎም እንደልብ አይገኝም። በ1979 ዓ.ም. ከደመወዜ አጠራቅሜ ባሕር ዳር ወረድኩና ፊኒክሷን ገዛሁ። ጤና ጣቢያው ሞተር ሳይክል እስኪያገኝ ድረስ 11 ዓመት ነዳኋት። የልቤ ግን ራሌዋ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ብስክሌት ባየሁ ቁጥር "እስከዚያው" እያልኩ እገዛ ነበር። ስምንቱ እንዲህ ነው የተጠራቀሙት።

ባሕር ዳር የሚኖረው ልጄ ይህን ያውቃል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች የብስክሌት ከተማ ናት፤ በጥንቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛው በፈረቃ ሲገባና ሲወጣ መንገዱ በብስክሌት ይሞላ እንደነበር የኔ ዘመን ሰው ያስታውሳል። አንድ ቀን ልጄ ደወለና "አባዬ፣ የአንድ ጡረተኛ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤተሰቦች ራሌ ሊሸጡ ነው። የወፍ ራስ አላት" አለኝ። ለቅሶ ደርሼ ስለነበር በዚያው አየኋት።

ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል እንጂ ሙሉ ናት። ፍሬኗ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ ነው። ካቴናዋን ክዳን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፤ አፈርና ጭቃ አያገኘውም። ማርሿ ደግሞ እንደ ማውንቴን ውጭ ላይ የተደረደረ አይደለም፤ የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የተደበቀ ባለ ሦስት ነው። መሐለኛው ማርሽ የጥርሱን ልክ እንዳለ ያስተላልፋል፤ አንደኛው በሩብ ያህል ያቀልልሃል፤ ሦስተኛው በሲሶ ያህል ያፈጥንሃል። እንደኔ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አንደኛው ማርሽ መድኃኒት ነው። በዚያ እምብርት ላይ ፋብሪካው የተሠራበትን ዓመትና ወር ይመታበታል። በጨርቅ ጠርጌ ሳየው 62 እና 5 ይላል። በፈረንጆች 1962 ግንቦት ማለት ነው፤ በእኛ 1954 ዓ.ም.። እኔና እሷ እኩያ ነን።

ያችው የድሬሰሩ ብስክሌት ትሆን እንዴ ብዬ መመርመሬን አልደብቅም። የሱ የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ወፍራም የብየዳ ጠባሳ ነበረው። ይቺ የላትም። እሷ አይደለችም።

ዋጋዋን 35 ሺህ ብር አሉኝ፤ በሽማግሌ 30 ሺህ አደረሱልኝ። የጡረታ ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይገባዋል። ባለቤቴ ስሰማት "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" እያለች ታጉረመርማለች፤ ብድር እንዳልገባ ፈርታ ነው። እኔም አልተበደርኩም። መጋዘኑን ከፈትኩና በአንድ ሳምንት ስምንቱንም ሸጥኩ። የሚነዱትን ሦስቱን በስድስት ስድስት ሺህ፣ አምስቱን ደግሞ ለጠጋኝ በጅምላ በ12 ሺህ። ልክ 30 ሺህ ሞላ። መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ደረቴ ቀለል አለኝ። ብዙውን ይዞ የማይጠቀም ሰው ለካ ከባድ ነገር ተሸክሞ ነው የሚኖረው።

ራሌዋ በአይሱዙ ተጭና በጎንደር በኩል ጎርጎራ ገባች። በማግስቱ ወደ ወደቡ ነዳኋት። ጣና ዳር ደርሼ ቆምኩና እህቴን አስታወስኩ። ስታለቅስ ሳትሆን ስትስቅ ነው ያየኋት። ከ50 ዓመት በላይ እንዲህ አስታውሻት አላውቅም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ምራቴ ደወለች። ስለ ልጆቹ ስናወራ ቆየንና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ፣ ፊኒክሷንም ሸጧት እንዴ? እሱኮ ካወቀ ጀምሮ ዝም ብሏል" አለችኝ። ቃል አጣሁ። ልጄ ብስክሌት የተማረው በፊኒክሷ ነው። በ1990 ዓ.ም. ስምንት ዓመቱ ነበር። እግሩ ኮርቻው ላይ ሆኖ ፔዳል ስለማይደርስለት በማዕዘኑ ውስጥ አሾልኮ ይነዳት ነበር፤ እኔ ከኋላ ይዤ እሮጣለሁ። የለቀቅኩትን ቀን ሳያውቅ እስከ ወደቡ ደርሶ ዞር ሲል ርቄ አየኝ። ራሌዋን ፈልጎ ያገኘልኝ እሱ ራሱ ነው። አባቱ ሌሎቹን ሸጦ እንደሚገዛት ገምቷል፤ ፊኒክሷን ይነካታል ብሎ ግን አላሰበም። የኔን የልጅነት ሕልም ስገዛ የእሱን ሸጬበት ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ገዢው የጯሂት ሰው ስለነበር ከጡረታዬ ሰባት ሺህ ብር ይዤ ሄድኩ። አንድ ሺው የይቅርታ ነበር። ሰውየው በደንብ ተቀበለኝ፤ ቡና ተፈላ። ነገሩን ልጀምር ስል ልጁ ከትምህርት ቤት ገባች። ዩኒፎርም ለብሳለች፤ ደብተሯ ከፊኒክሷ ኋላ ታስሯል። ፍሬኗን አሠርተው፣ አዲስ ካላማዳሪ አስገብተው፣ ጥቁር ቀለሟን እንደ መስታወት ወልውለዋታል። "በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር የምትሄደው፤ ዘንድሮ አንድም ቀን አላረፈደች" አለኝ አባቷ። ሰባቱን ሺህ ከኪሴ ሳላወጣ ሁለተኛውን ቡና ጠጣሁ። ልጅቷን አስፈቅጄ የብስክሌቷን ፎቶ አነሣሁና ተመለስኩ።

ማታ ፎቶውን ለልጄ ላክሁለት። ቀጥሎም ደወልኩ፤ "ልጄ፣ ሳልጠይቅህ ሸጥኳት፤ አጥፍቻለሁ" አልኩት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ "የግራ ፔዳሏ ይላላ ነበር፤ ንገራቸው" አለኝ። ነገርኳቸው።

አሁን አንድ ብስክሌት ነው ያለኝ። ገበያም፣ ለቅሶም፣ ቤተ ክርስቲያንም በእሷ ነው። ከብዙ "እስከዚያው" አንድ የልብ መሻት ይበልጣል የሚለውን ዛሬም አምናለሁ፤ በመግዛቴም አልጸጸትም። ነገር ግን እንደኔ መጋዘን ወይም ቁም ሣጥን ልታራግፉ ያሰባችሁ ወላጆችና አያቶች ካላችሁ አንድ ምክር አለኝ። በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ለልጆቻችሁ ደውሉ። "ይህን ልሸጥ ነው" አትበሏቸው። "ከዚህ ውስጥ የአንተ የቱ ነው? የአንቺስ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ፊኒክሷን አስቀርቼ ስድስት ሺውን እየቆየሁ እከፍል ነበር።

ለፋሲካ ልጄ ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ነው። ትልቁ የልጅ ልጄ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። የራሌዋ ኮርቻ ለሱ ከፍ ይላል፤ መሐሏ ግን እንደ ፊኒክሷ ሰፊ ማዕዘን ነው። ከኋላ ይዞ የሚሮጠው አባቱ ነው። እኔ ጉልበቴን ያመኛል።