መድኃኒትና መርዝ

በቋንቋችን «መድኃኒት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ሐኪም ለታመመ ሰው የሚሰጠው መድኃኒት ይባላል፤ ክፉ ሰውም በጠላው ሰው ምግብ ላይ መርዝ ሲጨምር «መድኃኒት አበላው» ይባላል። ይህ አነጋገር ቃል ከማጣት የመጣ አይመስለኝም። የሚያድነውና የሚገድለው አንድ ነገር ሊሆን ይችላልና፤ መለያው የሰጪው አሳብ፥ ልኩና ጊዜው ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ያለ ፈቃድ የሚያመርተውን፥ የሚይዘውንና የሚነግደውን በጽኑ እስራት ይቀጣል። ብዙ ሰው ሐሺሽ የሚለው ካናቢስም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ቅጣቱን አልነቅፍም። ብዙ ዘመን ሳስተምር ሱስ የወሰዳቸውን ጎበዝ ተማሪዎች አይቻለሁ፤ ዕፁ በተለይ ያልጠናውን የወጣት አእምሮ እንደሚጎዳም ሐኪሞች ይመሰክራሉ። ነገር ግን ለፈንጠዝያ የሚያጨሰውና በደዌ የሚሰቃየው በአንድ ሚዛን ቢመዘኑ ፍትሕ ይሆናልን?

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን ከካናቢስ የተጣራ ፈሳሽ መድኃኒት ፈቀደ። የሚሰጠውም በብርቱ የሚጥል በሽታ ለሚሰቃዩ ሕሙማን፥ ለሕፃናትም ጭምር ነው። በ2020 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን 27 አገሮች ደግፈው፥ 25 ተቃውመው ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ዕፆች ሰንጠረዥ አወጡት፤ ከቁጥጥር ግን አላወጡትም። ሩዋንዳ በ2021 ለሕክምና እንዲመረት ፈቀደች፤ ለመዝናኛ መጠቀሙን ግን እንደ ቀድሞው ከለከለች። ይህ ሁሉ ዕፁ ማናቸውንም በሽታ ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ እንዲያ የሚል ቢኖር አታላይ ነው።

በአገራችን ለዚህ ነገር ቅርብ የሆነው ምሳሌ ሞርፊን ነው። ሞርፊን ከኦፒየም ይወጣል፤ ሱስም ያስይዛል፤ ሆኖም በሐኪም ትእዛዝ ለካንሰር ሕመምተኛ ይሰጣል። እዚህ ማክሰኝት አንዲት ጎረቤቴ በካንሰር ታመው ነበር። ልጃቸው ጎንደር ድረስ እየሄደ መድኃኒቱን ያመጣላቸዋል። አንድ ቀን ሲመለስ በመንገድ ፍተሻ ጠርሙሱን ይዘው፥ የሐኪሙን ወረቀት ቢያሳያቸውም እስኪጣራ ድረስ አሳደሩት። ያን ሌሊት ከእናቲቱ ዘንድ ነበርሁ። «መምህር፥ ልጄ ምን አገኘብኝ?» ይሉኝ ነበር። «እትዬ፥ ይመጣል» ከማለት በቀር የምሰጣቸው አልነበረኝም። ልጁ በማግሥቱ ተለቀቀ። ጥፋት አላደረገም፤ እርሳቸው ግን ሌሊቱን ያለ መድኃኒት አነጉት።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ብርቱ መድኃኒቶች የሚቀመጡባት አንዲት ሣጥን ነበረች። የተቆለፈችው ልጆች እንዳይነኳት ነው፤ ቁልፍ የተሠራላት ደግሞ ለታመመው እንድትከፈት ነው። ሕግም እንዲሁ መዝጊያና ቁልፍ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ራሱ እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የግድ እንደሚያስፈልጉ ይናገራል። ኡጋንዳ ሐኪም የማይደርስበትን ገጠር አስባ በ2004 የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደች።

ስለዚህ የምመኘው ይህ ነው። የሐኪም ማዘዣ የያዘ ሕመምተኛና መድኃኒቱን የሚያመጣለት አስታማሚ እንዳይታሰር በግልጽ ይጻፍ። በቅን ልቡና የሚያዝ ሐኪምና የሚያድል ፋርማሲስት ይጠበቅ። ለፈታሹም ማዘዣ ምን እንደሚመስል ይማር ዘንድ ትምህርት ይሰጠው። ከካናቢስ የተጣራና የተመረመረ መድኃኒትም ቢመጣ፥ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በስሙ ሳይሆን በጥቅሙና በጉዳቱ ይመዝነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ከመካከላችሁ ነገ ዳኛ፥ ፖሊስና ሐኪም የሚሆኑ አሉ። ከዕፁ ራቁ፤ ይህን ሳልሸሽግ እመክራችኋለሁ። ሥልጣን በያዛችሁ ጊዜ ግን ወንጀለኛውን ስትፈልጉ ሕመምተኛውን አትርገጡ። ጠርሙሱን ከመያዛችሁ በፊት ለማን እንደሚሄድ ጠይቁ።