የማን ጭስ?

«የካርቦን ዐሻራ» የሚለው ሐረግ ቦንጋ ከገባ ሰነባብቷል። ሐረጉ በዓለም አደባባይ እንዲናኝ ካደረጉት አንዱ የእንግሊዙ የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ መሆኑ ግን እምብዛም አይነገርም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2004 እያንዳንዱ ሰው የራሱን ልቀት የሚያሰላበት ማስያ ለሕዝብ አቀረበ። ነዳጅ ሻጩ ገዢውን «አንተስ ስንት አጨስህ?» ብሎ ጠየቀው ማለት ነው።

የአየር ንብረት መለወጡን የምክድ እንዳልመስል አስቀድሜ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከልና ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ አንዳች እርምጃ ካልተወሰደ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። የካፋ ሰው ይህን ሰምቶ በሰላም አይተኛም። እኔ የምጠራጠረው በሽታውን ሳይሆን መድኃኒቱ ለማን እንደታዘዘ ነው።

በአንድ ስብሰባ ላይ ወጣቱ አሠልጣኝ ተሳታፊዎቹን «እናንተ ምን ትቀንሳላችሁ?» እያለ በየተራ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ተራው የደረሳቸው አዛውንት ከመቀመጫቸው ተነሡና፣ «ልጄ፣ መኪና የለኝም፤ መብራትም የለኝም። ያለኝ ምድጃ ነው። እሱን ላጥፋው?» አሉት። አዳራሹ ሳቀ፤ አሠልጣኙም አብሮ ሳቀ። መልስ ግን አልሰጣቸውም።

ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣው ካርቦን በኢትዮጵያ ለአንድ ሰው በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ በጀርመን 7 ቶን ገደማ ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ ከብቱና የደን ምንጣሮው ሲታከል የእኛም ቁጥር ከፍ ይላል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከአገሪቱ ልቀት 37 በመቶ ያህሉ ከደን የሚመነጭ መሆኑን ገልጿል። ካፋ የምትነሣው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ደን በሁለት ዓይነት እጅ ይነካል። በካፋ የቆየ የኮቦ ሥርዓት ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የታወቀ የደን ድርሻ ነበረው፤ ዛፉን ያቆየው ማሩ እንጂ የካርቦን ሒሳብ አልነበረም። በሌላ ወገን ደግሞ ውሽውሽ አለ፤ ጥንት ደን በነበረበት ኮረብታ ላይ ዛሬ የሻይ ተክል ተነጥፏል። ሻይ እጠጣለሁ፤ አልክድም። ግን ያን ሁሉ ጋሻ መሬት ትቶ ሦስት ጉልቻ መቁጠር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ማገዶ ቆጣቢውን ምድጃ እወደዋለሁ። እናቶቻችን ዘመናቸውን ሙሉ በጭስ ዓይናቸውን አጥተዋል፤ ለዓይናቸውና ለሳንባቸው ሲባል በየቤቱ ይግባ። ሰማይን ታድናላችሁ ብሎ ሸክሙን በእነርሱ ትከሻ ላይ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ከብራስልስ ሌላ ጥያቄ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ሕግ፣ ተግባራዊነቱ ተደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡናው ከ2020 ፍጻሜ በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ አለመብቀሉ እንዲረጋገጥ፣ የማሳውም ሥፍራ በካርታ እንዲመለከት ያዛል። ከ4 ሄክታር ላነሰ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። ከጥቅጥቁ ደን ገብቶ ወፍ ዘራሽ ቡና የሚለቅመው ሰው ግን ማሳ የለውም፤ ያለው ደኑ ነው። ነጥቡን ከየትኛው ዛፍ ሥር ያኑረው?